ባዶ ክር

ከዚራ ላይ፣ ኒሙ ጥላ ከሚጥልበት፣
ሱቅ ነበረችኝ፤ ክንዴን ስዘረጋ ሁለት ግድግዳ የምነካባት።
ሁለት ዴክ፣ አንድ ማራገቢያ፣ እሱም የማይሠራ፤
ክሩ በሙቀት እንዳይለሰልስ እየሰጋሁ፣
ዘፈን እቀዳለሁ ለአገሩ ሰው በተራ።

አውላቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፣
ከባቡሩ ጋራዥ፤ እጁ ግራሶ ግራሶ ይሸታል።
«ለእልፍነሽ» ይለኛል፣ «ስልሳ ደቂቃ ሙላልኝ፤
እኔ አፍ የለኝም፣ ዘፋኙ ይንገርልኝ።»

እመርጥለታለሁ። ሙያዬ ነው፣ እችላለሁ።
በአንደኛው ገጽ የሚያባብል፣ በሁለተኛው የሚያስለቅስ አደርጋለሁ፦
«ዓይንሽን ለሰው አታበድሪ፣
ከኔ ደጅ ውለሽ ከኔ ደጅ እደሪ፤
ጥላሽ ከሌላ ጥላ ሲነካካ ያየሁ ቀን፣
እኔም አላድርም፣ አንቺም አታድሪ።»

ባለጋሪው ልጓሙን ስቦ ይቆማል፣
«ፍቅር እንዲህ ነው እንጂ!» ይላል።
ፈረሱ ጆሮውን ጥሎ ይሰማል፤
ለፈረስ ልጓም ምኑ አዲስ ይሆንበታል?
እኔም በጣቴ ጠረጴዛ እመታለሁ። ዜማው እኮ ማር ነው፤
ማሩን ስልስ ነው የኖርኩት፣ ንቡን ማን አየው።

አንድ ሐሙስ፣ ደቻቱ ጎርፍ ባወረደ ማግሥት፣
ሰው ጫማውን አንጠልጥሎ እርጥቡን አሸዋ ሲሻገርበት፣
አንዲት ሴት መጣች። አይቻት አላውቅም፤ ግን አወቅኳት፤
ሦስት ዓመት ሙሉ በሰው አፍ የለመንኳት።
ሠላሳ አራት ካሴት በፌስታል ይዛ፣
ከፊቴ ዘረገፈችው፣ እንደ ቲማቲም በጅምላ እንደተገዛ።

«አጥፋልኝ» አለች።
«ላጥፋና ምን ልቅዳበት?»
«ምንም።»
«ምንም?»
«ስልሳ ደቂቃ ምንም። ዝም የሚል ነገር ሙላበት።

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያስወጣኝ ሦስተኛው ካሴት ነው፤
‹እጅሽ ለኔ ብቻ ይፍተል› የሚለው።
መልካ ጀብዱ ያለች እህቴን ያስረሳኝ፣ ሰባተኛው፤
‹ናፍቆቴ፣ ከዓይኔ አትራቂ› ሲል፣ አብሮት እያለቀሰ ነው።
የተሰደበ ይናገራል፣ የተመታም ያሳያል፤
እየዘፈነ በር የሚቆልፍ ሲሆን፣ ማን ዘንድ አቤት ይባላል?
እናቴ እንኳ ሰምታ፣ ‹ታድለሽ› ብላ እንባዋን ጠረገች።»

አላለቀሰችም። ሻሿን አጠበቀች።
«ስንት ነው?» አለች።
የዘፈን ዋጋ ግድግዳው ላይ አለ፤ የዝምታው የለም።
«ተይው» አልኳት።
«አይሆንም፤
በነጻ የተሰጠኝን ነው እስካሁን ስከፍል የኖርኩት።»

ማይኩን ነቀልኩ። ቀይዋን ቁልፍ ተጫንኩ።
መርፌዋ ከዜሮ አልተነቃነቀችም፤ እኔም ከወንበሬ አልተነሳሁ።
ሲያልቅ አዳመጥነው። ዴኬ አርጅቷል፣ አጥርቶ አያጠፋም፤
ከዝምታው ሥር ያ ዜማ እንደ ጉንዳን ይሄዳል፣ አይሞትም።
«ይሰማሻል?» አልኳት።
«ይሰማኛል» አለች፣ «እለምደዋለሁ።»

ማታ ቤቴ ገባሁ። ሙቀቱ አልበረደም፤
አልጋችን ግቢ ወጥቷል፣ ከውስጥ አይተኛም።
ሰዓዳ ሰሐን እያጠበች ታንጎራጉራለች።
ቃል የለውም። ለማንም አይደለም። ዝም ብላ ታንጎራጉራለች።
እኔ ያልቀዳሁት ዜማ፣ ከሱቄ ያልወጣ፣
አላውቀውም፤ ከየት መጣ?

«ማነው ያስተማረሽ?» አልኳት።
ድምፄ ለስላሳ ነበር። እምላለሁ፣ ያምር ነበር፤
ባለጋሪው ቢሰማኝ ፈረሱን ያቆም ነበር።

ሰሐኑን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ አደረቀች።
«ማንም» አለች።
ዜማው እመሐሉ ላይ ተበጠሰ፣ ጭጭ አለች።

ከዚያ ወዲህ አልሰማሁትም፤ ስንት ክረምት አለፈ።
ክር ቢሆን ኖሮ፣
በእስክሪብቶ እየጠቀለልኩ እመልሰው ነበር።